ኬላው የት አለ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ የወላጆችና የወጣቶች ምሽት፣ በቂርያት ሃዮቨል ማትናስ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ውጭ አገር ጉዞ ትንሽ ንገረን» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እኔ ምን አለኝና?» የሚል ነበር። እዚህ ከተቀመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ከጦር ሠራዊት ሲወጡ ሕንድንም፣ ታይላንድንም፣ ደቡብ አሜሪካንም አዳርሰው የመጡ ናቸው። የእኔ ጉዞ በመኪና የተደረገች የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ናት። የሄድነውም ብዙ ሰው ስሟን እንኳ ወደማያስታውሳት ትንሽ ዋና ከተማ፣ ወደ ስሎቫኪያዋ ብራቲስላቫ ነው። ሆኖም በዚያች አጭር መንገድ ላይ እኛ ቤት አርባ ዓመት ሙሉ ያልተነገረ ነገር ተነገረ። ዛሬ ስለ ከተማዋም፣ ስለዚያም ነገር ላወራችሁ ነው።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ አባቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። ወንድሜ ከጦር ከወጣ ሁለት ወሩ ነበር። ርካሽ ትኬት ያገኘው ወደ ቪዬና ነው። አባቴ ከእስራኤል ወጥተው አያውቁም። «እኔ መንገድ ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ብለው ነበር። እናቴ ናት የገፋቻቸው፤ «ልጆቹ ካሉበት አብረህ ብትሆን ምን ትሆናለህ?» ብላ ሻንጣውን አዘጋጀችው። በሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ይልቅ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎውና ድፎ ዳቦው ይበዛ ነበር። አባቴ ውጭ አገር ምግብ አይቀምሱም፣ ስለዚህ ስንቅ ግድ ነው። እኛም በኋላ ተመስገን ብለናል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቆሎውን የበላነው እኛ ነን።

መንገዱ

ለመሄድ ለምታስቡ ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ከቴል አቪቭ ቪዬና ሦስት ሰዓት ተኩል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይበረራል። የቪዬና አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ስሎቫኪያ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ሁለቱ ዋና ከተሞች በቀጥታ ሲለኩ የሚራራቁት ስድሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ቴል አቪቭ እንደመሄድ ቁጠሩት። መኪና ተከራይታችሁ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብትወጡ ሰዓት ሳይሞላ ብራቲስላቫ ናችሁ። ባቡርም አውቶቡስም አለ።

በመኪና ለሚሄድ ግን አንድ ነገር አለ። በኦስትሪያም በስሎቫኪያም በፈጣን መንገድ ለመሄድ ቪኜት የሚባል የመንገድ ክፍያ ያስፈልጋል። ኦስትሪያ የተከራያችሁት መኪና ብዙውን ጊዜ የኦስትሪያውን ይዞ ነው የሚሰጣችሁ። የስሎቫኪያውን ግን ራሳችሁ በኢንተርኔት መግዛት አለባችሁ፤ በሰሌዳ ቁጥሩ ይመዘገባል። መኪናውን ከአገር አገር እንደምታሻግሩም ለአከራዩ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ወንድሜ ይህን ሁሉ በስልኩ በአሥር ደቂቃ ጨረሰው። አባቴ ከጎኑ ቁጭ ብለው ያዩታል። «በቃ? ለመንገዱ የሚከፈለው ይኼው ነው?» አሉ። የጠየቁት ስለ ዋጋው መስሎኝ ነበር።

ከቪዬና ወደ ምሥራቅ ያለው አገር ሜዳ ነው። የስንዴ ማሳ፣ ከማሳው መሃል ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ትላልቅ የንፋስ መብራት ማመንጫዎች። አባቴ ገበሬ ናቸውና ዓይናቸው አፈሩ ላይ ነው። «ጥቁር ነው፣ መልካም መሬት ነው» ይላሉ። ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ካርታውን አያለሁ። ቀስ በቀስ በመንገዱ ላይ ሰፊ የብረት ጣሪያ ታየ፤ ሥሩ ባዶ የሆነ የድሮ የፍተሻ ቦታ። መኪናዎች ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው ያልፋሉ። እኛም አለፍን። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ስልካችን «እንኳን ወደ ስሎቫኪያ መጡ» የሚል መልእክት ደረሰው።

አባቴ «ኬላው የት አለ?» አሉ።

ወንድሜ በዕብራይስጥ «አልፈነዋል አባ» አለ።

«ማን ነው ያየን?»

«ማንም።»

ዝም አሉ። ወደ ኋላ ዞረው በመስኮቱ ያንን ጣሪያ እስኪርቅ ድረስ ተመለከቱት። ከዚያ መናገር ጀመሩ።

አባቴ የነገሩን

ለወጣቶቹ ስል ላስረዳ። ኦስትሪያና ስሎቫኪያ ሁለቱም የሼንገን ስምምነት አባል ናቸው። ስሎቫኪያ የገባችው በዲሴምበር 2007 ነው፤ ከዚያ ወዲህ መደበኛ የድንበር ፍተሻ ቀርቷል። አልፎ አልፎ ለጊዜው ፖሊስ ሊቆም ይችላል፣ እኛ ስናልፍ ግን ማንም አልነበረም። ስለዚህ ፓስፖርታችሁን ያዙ፣ ግን ማንም ላይጠይቃችሁ ይችላል። ለእኔና ለወንድሜ ይኼ ተራ ነገር ነው። አባቴ ጋ ግን «ድንበር» የሚለው ቃል ሌላ ነገር ነው።

አባቴ ከወገራ ናቸው። በ1984 ከቤተሰቦቻቸውና ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሲወጡ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ቀን ተደብቀው፣ ሌሊት በእግር፣ ሃያ አንድ ቀን። ይህን ይህን እናውቅ ነበር። ወንድሜ ሰባተኛ ክፍል ሆኖ በትምህርት ቤት የሾራሺም ሥራ ሲሠራ የጻፈው «አባቴ በ1984 ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል መጣ» የሚል አንድ መስመር ነበር። ይህን አንድ መስመር ብዙዎቻችሁም ጽፋችኋል፣ አይደል?

መኪናው ውስጥ የነገሩን የቀረውን ነው። ኬላ ባለበት ወታደር አለ፤ ስለዚህ መንገድ መሪው ኬላ በሌለበት በበረሃ ነው የወሰዳቸው። አንድ ሌሊት የደረቀ ወንዝ አቋርጠው ሲወጡ መሪው አንድ ዛፍ አሳያቸውና «ከዚያ ዛፍ ወዲያ ሱዳን ነው» አላቸው። አባቴ «እንግዲህ ድንበራችን ዛፍ ነበር» አሉን። ያን ዛፍ ሲያልፉ ስድስት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድማቸው ትከሻቸው ላይ ተኝቶ ነበር። ያ ልጅ ኡም ራኩባ መጠለያ ከደረሱ በኋላ በሁለተኛው ወር በኩፍኝ ሞተ። የቀበሩት አባቴ ናቸው፤ አያቴ ታመው መነሣት አልቻሉም ነበር። በመቃብሩ ላይ ምልክት ማድረግ አልተቻለም፤ እዚያ ሰው አይሁድ መሆኑን ይደብቅ ነበርና።

ወንድሜ መኪናውን ከፈጣኑ መንገድ አውጥቶ ቤንዚን ማደያ አቆመ። እርሱ አማርኛ ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን እኔ ነኝ የምተረጉምለት። ያን ዕለት ግን መተርጎም አላስፈለገኝም። «አባ፣ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከንም?» አላቸው።

አባቴ ምን አሉ መሰላችሁ? «ማን ጠየቀኝ?»

ይህችን ቃል እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንድታስቀምጡልኝ እፈልጋለሁ። ወደ ከተማዋ እንግባና በኋላ እመለስባታለሁ።

ከተማዋ

ከድንበሩ ወደ ብራቲስላቫ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኛችሁ ፔትርዣልካ የሚባል ሰፈር ነው። ከዳኑብ ወንዝ ወዲህ የተሠራ፣ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃ ብቻ የሆነ፣ ወደ መቶ ሺህ ሰው የሚኖርበት ሰፈር። አባቴ አይተውት «ይኼማ ቂርያት ሃዮቨል ነው፣ ከፍ ከፍ ያደረጉት እንጂ!» አሉ። ልክ ናቸው፤ የእኛም ሺኩኖች እንደዚያው ሰው በቶሎ መጠለያ እንዲያገኝ የተሠሩ ናቸው።

ወንዙን ተሻግራችሁ አሮጌው ከተማ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠባብ የድንጋይ መንገድ፣ ትንንሽ አደባባይ፣ ሁሉም በእግር የሚደረስበት። የከተማዋ ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን አይሞላም፤ የኢየሩሳሌምን እኩሌታ አይሆንም ማለት ነው። በዓለም ላይ ከሁለት ሌሎች አገሮች ጋር ድንበር የምትዋሰን ብቸኛ ዋና ከተማ ናት፤ ከኦስትሪያና ከሃንጋሪ። ስሟም እንደ ድንበሯ ተቀያይሯል። ጀርመኖች ፕሬስቡርግ፣ ሃንጋሪዎች ፖዦኒ ይሏት ነበር። ብራቲስላቫ የተባለችው በ1919 ነው። ስሎቫኪያ ከቼክ ተለይታ ራሷን የቻለች አገር የሆነችው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ነው። እዚህ ካላችሁት ወላጆች ብዙዎቻችሁ በዚያን ጊዜ እስራኤል ገብታችሁ ነበር፤ ከአገሪቱ እናንተ ትቀድማላችሁ!

ኮረብታው ላይ አራት ግንብ ያለው ነጭ ቤተ መንግሥት አለ። የአገሩ ሰዎች «የተገለበጠ ጠረጴዛ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ አራቱ ግንቦች እግሮቹ መሆናቸው ነው። ከተማዋ የሃንጋሪ መንግሥት ዋና ከተማ የሆነችው በ1536 ነው። አጼ ፋሲል ጎንደርን መቀመጫቸው ያደረጉት በ1636፤ ልክ መቶ ዓመት በኋላ። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ደስ አላቸውና ለወንድሜ የጎንደርን ግንብ ታሪክ አወሩለት፤ ከግንበኞቹና ከአንጥረኞቹ መሃል የእኛ ሰዎች እንደነበሩበት አያቶቻቸው የነገሯቸውን ጭምር።

ለሳቅ ያህል ደግሞ ይህን ልጨምር። በአሮጌው ከተማ አንድ የመንገድ ጥግ ላይ ከፍሳሽ ጉድጓድ ብቅ ብሎ የሚያይ የነሐስ ሰው አለ፤ ቹሚል ይባላል። ከ1997 ጀምሮ እዚያው ተጋድሞ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ቱሪስት ሁሉ ራሱን እየዳበሰ ፎቶ ይነሣል። አባቴ ጎንበስ ብለው አይተውት «ሥራው አልቆ ነው ወይስ ገና ሊጀምር ነው?» አሉ። እኛም ሰፈር ሦስት ምላስ ያላት ሚፍለጸት አለች፤ ልጆች ሁላችሁም በምላሷ ተንሸራታችሁ ያደጋችሁባት። ከተማ እንዲህ ያለ ቀልድ ሲኖረው ደስ ይላል።

ድልድዩ ሥር

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። የብራቲስላቫ ታዋቂ ምልክት በዳኑብ ላይ የተዘረጋው ኤስ ኤን ፔ ድልድይ ነው። በአንድ ግንብ ብቻ የተንጠለጠለ፣ ጫፉ ላይ እንደ ትልቅ ምጣድ ክብ ሆኖ የተቀመጠ ምግብ ቤት ያለው። በአሳንሰር ወጥታችሁ ከዘጠና ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆናችሁ ሦስት አገር ታያላችሁ። ሁሉም ሰው ከዚያ ላይ ፎቶ ይነሣል፤ እኛም ተነሥተናል።

ከድልድዩ ወርዳችሁ ወደ ካቴድራሉ ስትሄዱ ግን አንድ ጥቁር ግድግዳ ታገኛላችሁ። በግድግዳው ላይ የአንድ ምኩራብ ምስል ተቀርጿል። ያ ምኩራብ እዚያው ከካቴድራሉ ጎን ቆሞ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በከተማዋ ወደ 15 ሺህ አይሁድ ይኖሩ ነበር። ከማርች 1942 ጀምሮ የስሎቫኪያ አይሁድ በባቡር እየተጫኑ ተወሰዱ፤ በጠቅላላው 70 ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኞቹም ተገደሉ። ምኩራቡ ግን ከጦርነቱ ተርፎ ነበር። የፈረሰው ከዚያ በኋላ፣ በ1969፣ ድልድዩና ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ ነው። የአይሁድ ሰፈር ከነበረው ብዙው አብሮ ፈረሰ። ዛሬ በዚያ ላይ መኪና ያልፋል። እኛም ጠዋት በመኪና ስንገባ ያለፍነው በዚያ መንገድ ነው።

መታሰቢያው ላይ በዕብራይስጥ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ዘኾር»፣ አስታውስ። አባቴ ዕብራይስጥ ያነበቡት በኡልፓን ነው፤ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡት። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩን። ጥቁር ሽማግሌ በዕብራይስጥ ሲያነብ አይተው የማያውቁ ይመስለኛል።

ከዚያ ትንሽ ወጣ ስትሉ ደግሞ ዚዶቭስካ የሚባል መንገድ አለ፤ «የአይሁድ መንገድ» ማለት ነው። አንድ የአይሁድ ባህል ሙዚየም አለበት። ስሙ እንዳለ ነው፣ ቤቶቹ ግን በአንድ በኩል ብቻ ናቸው የቀሩት፤ በሌላው በኩል ያለው ትልቁ የመኪና መንገድ ነው።

እኔም እዚያ ቆሜ የእኛን ኢየሩሳሌም አሰብኩ። እኛም ከተማ ሃሐበሺም የሚባል መንገድ አለን፤ የኢትዮጵያ መንገድ። ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለበት፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ዕብራይስጥን የቤት ቋንቋ እንዲሆን የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳ ይኖር ነበር። በዚያ መንገድ ብታልፉ ዛሬም አማርኛ ትሰማላችሁ፣ መነኮሳቱ አሉ። ስሙ ባለቤት አለው። ከጎንደር ወጣ ብሎ ወለቃ ደግሞ በመኪና መንገዱ ዳር ለቱሪስት የተጻፈ የመንደራችን ምልክት አለ። ሰው ይቆማል፣ የሸክላ ምስል ይገዛል፣ ፎቶ ይነሣል። የሚሸጡት ጎረቤቶቻችን የነበሩት ናቸው፤ እኛ እዚህ ነን። ምልክቱ አለ፣ ባለቤቱ የለም።

አንዱን መከራ ከሌላው ጋር እያመዛዘንኩ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ አይሁድ የደረሰባቸው የራሱ ታሪክ ነው፤ እዚሁ ያድ ቫሼም በእግር የምንደርስበት ነው። እኔ የምለው፣ ስም ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚመስል በዓይኔ አየሁ ነው።

ሃያ ሦስት መቃብር

ከሰዓት በኋላ ወደ ሐታም ሶፈር መቃብር ሄድን። ይህን ማየት የሚፈልግ ለከተማዋ የአይሁድ ማኅበረሰብ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ረቢ ሞሼ ሶፈር በ1762 ፍራንክፈርት ተወለዱ፣ በ1806 የፕሬስቡርግ ረቢ ሆኑ፣ በ1839 እስኪሞቱም የሺቫቸው በአውሮፓ ስሙ የታወቀ ነበር። የተቀበሩት በዳኑብ ዳር በሚገኘው አሮጌ መቃብር ነው።

በጦርነቱ ጊዜ እዚያ አካባቢ መሿለኪያ ሲቆፈር መቃብሩ እንዲጠፋ ተወሰነ። የማኅበረሰቡ ሰዎች ለምነው፣ ደጅ ጠንተው፣ ሐታም ሶፈርና ዙሪያቸው ያሉት 23 መቃብሮች ብቻ እንዲቀሩ አደረጉ። በላያቸው ኮንክሪት ፈሰሰ፣ በኮንክሪቱ ላይ በኋላ የትራም ሐዲድ ተዘረጋ። ለብዙ ዓመታት ሰው ወደ መቃብሩ የሚገባው በጠባብ ቀዳዳ ወርዶ ነበር። ሐዲዱን አዛውረው አሁን ያለውን መታሰቢያ የሠሩት በ2002 ነው።

በደረጃ ወርደን ገባን። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ድንጋዮቹ በዱሮ ቦታቸው ቆመዋል። ትራሙ ውጭ ሲያልፍ ይሰማል። አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «የቀሩትስ መቃብሮች?» አስጎብኚው የሆነውን ነገራቸው። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ከነበረው ጠጠር፣ ከየት እንዳነሡት አላየሁም፣ አንዱን በመቃብሩ ላይ አንዱን ከግድግዳው ሥር ባዶ መሬት ላይ አስቀመጡ። ያኛው ለማን እንደሆነ እኔም ወንድሜም አልጠየቅንም፤ ገብቶናል።

በነጋታው ጠዋት ከመመለሳችን በፊት ወደ ዴቪን ሄድን። ከከተማዋ በመኪና ሩብ ሰዓት ነው። ገደል ላይ የፈረሰ ግንብ አለ፣ ከሥሩ ሞራቫ የሚባለው ወንዝ ከዳኑብ ጋር ይገናኛል። ወንዙ ማዶ ኦስትሪያ ነው። እስከ 1989 ድረስ ያ ዳርቻ በእሾህ ሽቦ የታጠረ ነበር፤ ለመሻገር የሞከሩ ሰዎች ተገድለዋል፣ መታሰቢያቸውም እዚያው አለ። በዲሴምበር 10 ቀን 1989 ግን ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ከብራቲስላቫ ተነሥቶ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ ሃይንቡርግ የምትባል የኦስትሪያ ከተማ ድረስ ሄደ። አባቴ ይህን ሲሰሙ «በቀን?» አሉ። «በቀን» አልኳቸው። «ልጆቻቸውን ይዘው?» «አዎ፣ ልጆቻቸውን ይዘው።» «መልካም» አሉና ብዙ ጊዜ ወንዙን ሲያዩ ቆዩ።

ምን እናድርግ?

አሁን «ማን ጠየቀኝ?» ወደሚለው ልመለስ።

ፕሬስቡርግ የሚለውን ስም ዛሬ የት እንደምታገኙት ታውቃላችሁ? እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ጊቭአት ሻውል። የፕሬስቡርግ የሺቫ በዚያ ሰፈር ይገኛል፤ በ1950 ያቋቋሙት ከሐታም ሶፈር ዘር የሆኑት ረቢ አኪቫ ሶፈር ናቸው። ከተማዋ ራሷ ስሙን ትታዋለች፤ ምኩራቡ መንገድ ሆኗል። ስሙን ያዳነው ሰው ነው። ደብተሩን፣ ትምህርቱን፣ ማን ከማን እንደተማረ ይዘው ስለመጡ ነው። በአሥራ አምስት ደቂቃ በምንደርስበት ቦታ አለ።

እኛስ? በዘመቻ ሙሴ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985፣ ወደ 8 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሱዳን መጣ። በዘመቻ ሰሎሞን፣ በሜይ 1991፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ። በመንገድና በሱዳን የቀሩት 4 ሺህ ያህል ናቸው ይባላል። መታሰቢያቸው ሃር ሄርጸል ላይ ነው፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን መንግሥት ሥነ ሥርዓት ያደርጋል፣ ከዚህ ሰፈር ተነሥተን እንሄዳለን። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን «4 ሺህ ያህል» ውስጥ የአባቴ ወንድም የቱ ጋ ነው? ስሙን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው። አሁን እኔና ወንድሜ ስንጨመር አምስት ሆንን። መቃብሩ ላይ ምልክት የለም፤ ቦታውን የሚያውቁት አባቴ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም፣ በጀትም አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመጪው ስግድ በፊት አንድ ወረቀት ይሙላ። ሦስት ጥያቄ ብቻ።

አንደኛ፤ የተወለዳችሁበት መንደር ስም ማን ነው? ጎረቤት መንደሮቹስ፣ ወንዙስ፣ ገበያውስ?

ሁለተኛ፤ በየት በኩል፣ በየትኛው ዓመት፣ ከማን ጋር ወጣችሁ?

ሦስተኛ፤ በመንገድ የቀረ አለ? ስሙ ማን ነበር፣ ዕድሜውስ፣ የት ተቀበረ?

አማርኛም ትግርኛም ይሁን፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ። መጻፍ የማይችል ይናገር፣ ልጁ በስልክ ይቅዳው። ወረቀቶቹ በአንድ መዝገብ ተጠርዘው እዚሁ ማትናስ ይቀመጡ፤ ፈቃድ የሰጠ ቤተሰብ ብቻ ለሌላ ሰው ይታይለት።

ለእናንተ ለወጣቶች የምለው ይህ ነው። አማርኛችሁ ደካማ ነው ብላችሁ አትፍሩ። የወንድሜ አማርኛ ምን ያህል እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ስትስቁም አይቻለሁ። ግን ጠየቀ፣ መልስም አገኘ። ትምህርት ቤት የሾራሺም ሥራ እስኪሰጣችሁም አትጠብቁ፤ አንድ መስመር ጽፋችሁ ነጥብ ማግኘት ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ካልሆነላችሁ ወላጆቻችሁን መኪና ውስጥ አስገቧቸውና የሆነ ቦታ ውሰዷቸው። ብራቲስላቫ መሆን የለበትም፤ ኪኔሬትም ይሆናል። ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከመቀመጥ ይልቅ ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ መናገር ለአባቶቻችን ይቀላቸዋል። ስልካችሁን ግን ለካርታው ብቻ ተጠቀሙበት።

ለእናንተ ለወላጆቻችን ደግሞ፣ በአክብሮት፤ ዝም ያላችሁት ለእኛ ብላችሁ እንደሆነ እናውቃለን። ልጆቻችን በሐዘን አይደጉ ብላችሁ ነው። የማትፈልጉትን ማንም አያስገድዳችሁም። ግን እኛ አድገናል፤ ጦር ቤት ኖረናል፣ ሆስፒታል እንሠራለን፣ የራሳችንን ልጆች እናሳድጋለን። ልንሸከመው እንችላለን። እናንተ ወንድማችሁን በትከሻችሁ ተሸክማችሁ በረሃ አቋርጣችኋል፤ እኛ ስሙን መያዝ አያቅተንም።

አባቴ ዛሬ እዚህ አሉ፤ ይህን ሁሉ እንድናገር የፈቀዱልኝ እርሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ወረቀት ወንድሜ ሞልቶ ለኮሚቴው አስረክቧል፤ በራሱ እጅ፣ በአማርኛ ፊደል። ባዶዎቹ ወረቀቶች ከበሩ አጠገብ፣ ከቡናው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ስትወጡ ለቤተሰባችሁ አንድ አንድ ያዙ።